ስለ ታጣፊዋ ቢስክሌታችን

ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ ይህን አርእስት ሲያይ ፈገግ ሳይል አይቀርም። በዚያ ሀገር ስለ በቅሎ ቢጻፍ ያስከብራል፤ ስለ ፈረስም ቢጻፍ አድማጭ አይጠፋም፤ ነገር ግን እንደ ሻንጣ ታጥፋ በሚኒባስ ስለምትጫን፥ በኤሌክትሪክም ስለምትሄድ ርካሽ ቢስክሌት መጻፍ የሥራ ፈት ወግ ይመስላል። እኛም እንዲሁ መስሎን ለብዙ ጊዜ ዝም ብለን ነበር። አሁን ብዕር ያነሣነው ቢስክሌቲቱን ለማመስገን ሳይሆን በእርሷ ምክንያት የደረሰብንን እፍረት ሳንደብቅ ለመናገር ነው፤ እፍረቱም የአንድ መምህር ብቻ አይደለም ብለን ስለምንጠረጥር ነው።

ቢስክሌቲቱን የገዛናት በ2016 ዓ.ም. ክረምት፥ ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ በሄድን ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሮ ስለ ነበር፥ በሻይ ቤቱም በታክሲውም ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሆኖ ነበር። የመምህር ደመወዝ ለመኪና እንደማይበቃ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ወሬ ልብን ያነሣሣልና፥ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ተጣጥፋ ተቀምጣ ባየናት ጊዜ ዋጋዋን ሳንጠይቅ ማለፍ አልቻልንም። ጎማዎቿ ባለ አሥራ አራት ኢንች ናቸው፤ ሞተሯ በኋላ ጎማዋ እምብርት ውስጥ የተቀበረ ባለ 250 ዋት ነው፤ ባትሪዋም 36 ቮልት፥ 7.8 አምፔር ሰዓት የሚል የተጻፈበት የሊትየም ባትሪ ነው። የመመሪያው ወረቀት በቻይንኛ የተጻፈ ስለሆነ ሥዕሉን ከማየት በቀር ምንም አልጠቀመንም። ነጋዴው፦ «አንዴ ከሞሏት አርባ ኪሎ ሜትር ታደርስዎታለች» አለን። አሁን ስናስበው ዋሸን ለማለት አንደፍርም፤ ነጂው ቀጭን፥ ቀኑ ሞቃት፥ መንገዱም እንደ ባሕር ዳር ሜዳ ቢሆን ምናልባት ታደርስ ይሆናል።

በእርግጥ ቢስክሌት ለሀገራችን እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ከተላኩት ስፖርተኞች መካከል ቢስክሌተኞች ነበሩበት፤ በባሕር ዳርም ተማሪውና ሠራተኛው በጣና ዳር በቢስክሌት ሲመላለስ ማየት የቆየ ነገር ነው። ደባርቅ ግን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፥ የሰሜን ተራሮችን ደጃፍ ይዛ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። እዚህ ፔዳል የሚረግጥ ሰው ቀድሞ የሚያልቅበት ጉልበቱ ሳይሆን ትንፋሹ ነው። አየሩ የሳሳ ስለሆነ የነዳጅ ሞተር እንኳ ኀይሉ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይገደውም። በዚህ በኩል ቢስክሌቲቱ ለሀገሩ ታስባ የተሠራች ትመስላለች።

የገዛንበት ምክንያት ግን የግል ነው። እናታችን የምትኖረው በዳባትና በደባርቅ መካከል ካለችው ከወቅን ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ነው። እኛ ደባርቅ እናስተምራለን፤ ቅዳሜ ወደ እርሷ ሄደን እሑድ ማታ እንመለሳለን። ከደባርቅ እስከ ወቅን በሚኒባስ፥ ከወቅን እስከ መንደሩ በእግር ነበር ልማዳችን። ባለፉት ዓመታት መንገድ የሚዘጋበት፥ ነዳጅም የሚጠፋበት ቀን እየበዛ ሲሄድ ሰኞ ጠዋት ተማሪዎች ፊት መቆም አለመቆማችን ሹፌሩ ነዳጅ በማግኘቱና ባለማግኘቱ የሚወሰን ሆነ። እናታችንን ደግሞ ሳያዩ መሰንበት አይቻልም። የእኅታችን ልጅ አብራት ብትኖርም፥ ሁለቱንም ዐይኖቿን ሞራ እየጋረዳቸው ሄዶ በዚያን ጊዜ ከብርሃንና ከጥላ በቀር የምትለየው አልነበራትም። ወደ ጎንደር ወስደን ለማሳከም ከደመወዛችን ላይ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያነሣን በአንድ ሣጥን ውስጥ እናስቀምጥ ነበር።

ቢስክሌቲቱ ደባርቅ የደረሰችበት ዕለት ራሱ ወግ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት «ሻንጣ ናት ወይስ ሞተር?» እያለ ሒሳቡን ከፍና ዝቅ ሲያደርግ ቆየ፤ ሻንጣም ሞተርም መሆኗን ብንነግረው የሁለቱንም አስከፈለን። በሰፈራችን ያሉ አንድ ባለበቅሎ ሽማግሌ ዙሪያዋን ከዞሩ በኋላ፦ «መቸም እህል አትበላ፥ ሣር አትግጥ፤ ሲመሽ ምን ልታበላት ነው?» ብለው ጠየቁን። የምትበላው መብራት መሆኑን ነገርናቸው። «እሱስ በጠፋ ዕለት?» አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። የህዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ነገር ግን በነፋስና በውርጭ ሀገር በግድብና በሶኬት መካከል የሚሆነው ነገር ብዙ ነው። እናታችን ደግሞ ልታያት ስለማትችል በድምፅዋ አወቀቻት። ሞተሩ ዳገት ሲይዝ እንደ ንብ ይጮኻልና፥ ገና ከሩቅ ስትሰማው «ንቧ መጣች» ብላ የልጅ ልጇን ቡና እንድታቀርብ ታዛት ነበር።

የባትሪዋን ነገር፥ መምህር ነንና፥ በሰሌዳ ላይ እንዳለ ጥያቄ አድርገን አስልተነው ነበር። ቮልቱ በአምፔር ሰዓቱ ሲባዛ 280 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። እኛና ቢስክሌቲቱ ከነጓዛችን አንድ መቶ ኪሎ ብንመዝን፥ ይህን ክብደት አንድ መቶ ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 27 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት ወደ 40 ይጠጋል። እንግዲህ ሙሉ ባትሪ፥ ሜዳውን ሳንቆጥር፥ ሰባት መቶ ሜትር ሽቅብ ካወጣን ትልቅ ነገር ነው። ብርድ ሲጨመርበት ከዚህም ያንሳል፤ ሊትየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እንቅስቃሴ ስለሚዘገይ የያዘውን ሁሉ አይሰጥም። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቢሞሉት ደግሞ ለዘለቄታው ይጎዳል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ባትሪውን በጋቢ ጠቅልለን ከራስጌአችን እናሳድረው ነበር፤ ይህን ያዩ ጎረቤቶች ምን እንዳሉን መጻፍ አያስፈልግም። ለዚህ ባትሪ መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት አንዱ ጆን ጉድኢናፍ በ2012 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ሲቀበሉ ዕድሜያቸው 97 ዓመት መሆኑን በክፍል ውስጥ ስንነግር ተማሪዎቹ ከባትሪው ይልቅ በዕድሜው ይደነቃሉ።

ቁልቁለት ባትሪ ይሞላል የሚል ወሬም ሰምተን፥ ይህን ለመፈተን አንድ ቀን ወደ ሊማሊሞ ወረድን። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን እየቀደዱ የሠሩት ይህ ጠመዝማዛ መንገድ ከሺህ ሜትር በላይ ወደ ቆላ ያወርዳል። ሁለት ሦስት እጥፋት እንደ ወረድን ፍሬኑ መሽተት ጀመረ፤ የባትሪው ምልክትም አንዲት ነጥብ አልጨመረም። ኋላ እንዳነበብነው በእንዲህ ያለ አነስተኛ ሞተር ውስጥ ጎማው በቁልቁለት ሞተሩን ሳያዞር ለብቻው እንዲሽከረከር የሚያደርግ መፍቻ ስላለ፥ ቁልቁለቱ ለባትሪው የሚተርፈው ምንም የለም። ዳገቱን በአይሱዙ ተጭነን ተመለስን።

ዋናው ችግር የመጣው ዓመት ካለፋት በኋላ፥ በአንድ የኅዳር እሑድ ማታ ነው። ከወቅን ወደ ደባርቅ ስንመለስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር፤ ዳገት ላይ ስንደርስ ሞተሩ ድንገት ቀጥ አለ። የባትሪው ምልክት ከአራት ሦስቱን ያበራል። አጥፍተን ስናበራት ትነሣለች፤ በሜዳው ጥቂት ትሄዳለች፤ ዳገት ሲነካት መልሳ ትጠፋለች። ጎማዋ ትንሽ ስለሆነ ፔዳሏ ለዳገት የሚሆን አይደለም፤ ሃያ ኪሎ የሚያህል ብረት እየገፋን፥ የታጨደ ገብስ በተከመረበት ሜዳ መካከል፥ ከየጎጡ ውሻ እየተቀባበለን ደባርቅ የገባነው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው። ጣቶቻችን ቁልፍ ማዞር አቅቷቸው በሩን የከፈተልን ጎረቤት ነው።

በማግስቱ ሐኪሞች ተሰበሰቡ። ጎሚስታው ጎማውን ነፋና «ምንም የላትም» አለ። የባጃጅ መካኒኩ ሞተሩን አንኳኳው፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፤ ባትሪው ሞቷል ሲል ፈረደ። ወደ ሸጠልን ነጋዴ ስልክ ደወልን፤ ነገሩን ሳንጨርስለት «ባትሪው ነው፥ ይቀየር» አለና ዋጋውን ነገረን። ዋጋው ከጠቅላላው የቢስክሌቲቱ ዋጋ ከግማሽ በላይ ነው። እኛስ ምን አልን? ከሃያ ዓመት በላይ ፊዚክስ ያስተማርን ሰዎች ሳለን የሦስቱንም ቃል ተቀብለን «አዎን፥ ብርድ ገድሎት ይሆናል» አልን።

እዚህ ላይ የምንናገረው ያሳፍረናል። ለባትሪው የሚሆን ገንዘብ የነበረው በዚያ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ሌሊቱን ስናወጣና ስናወርድ አድረን፥ ሲነጋ ልባችን ጥሩ ምክንያት አግኝቶ ነበር፦ ያለ ቢስክሌቲቱ ወደ እናታችን መሄድ አይቻልም፤ እንግዲያው ባትሪውን መግዛት ራሱ እናታችንን መርዳት ነው፤ ዐይኗም እስካሁን እንደ ቆየ አንድ ዓመት ቢጨምር ምን ይሆናል? ሰው ራሱን ሲያታልል የሚናገረው ቋንቋ ምን ያህል የተስተካከለ እንደሆነ በዚያን ጊዜ አወቅን። ገንዘቡን ከሣጥኑ አውጥተን በኪሳችን ይዘን ወጣን።

ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ የሞባይል መጠገኛ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለች። ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሚሠራባት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪያችን ነው። ባለፈው መንፈቅ በፊዚክስ ከመቶ 38 ሰጥተነዋል፤ በክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ብዙ የማይናገር ልጅ ነው። ቢስክሌቲቱን ስንገፋ አይቶ ወጣና ምን እንደሆነች ጠየቀን። ባትሪው መሞቱን ነገርነው። «ጋሼ፥ ለክተውታል?» አለ።

አልለካንም። ማንም አልለካም።

ልጁ ቴስተር የሚሉትን የቮልት መለኪያ አምጥቶ የባትሪውን ጫፍ ሲነካ 41.2 ቮልት አነበበ። ባትሪው ውስጥ አሥር ክፍሎች ተራ በተራ ተያይዘዋል፤ እያንዳንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሆነ ሙሉው 42 መሆኑ ነው። እኛ «ታዲያ ደኅና ነው» ልንል ስንቸኩል እርሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ሥራ ሲይዝ ካልታየ አይታወቅም አለ። መለኪያውን በመሪው ላይ በናስትሮ አሰረና ሽቦዎቹን ከባትሪው ጫፍ ጋር አገናኝቶ ከሱቁ በላይ ባለችው ዳገት እንድንወጣ አዘዘን። ወጣን፤ ቁጥሩ ወደ 38 ወርዶ ቆመ፤ ሞተሩ ግን እንደ ልማዱ ጠፋ። ቀጥሎ የመለኪያውን ሽቦዎች ከኋላ ባለው የሞተሩ መቆጣጠሪያ መግቢያ ላይ አዛወረና እንደገና ሰደደን። አሁን ቁጥሩ 31 ደረሰና ሞተሩ ጠፋ። መቆጣጠሪያው ባትሪ እንዳይጎዳ ሲል ቮልቱ ከዚህ ገደማ ሲወርድ እንዲያቋርጥ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ጥፋት የለበትም፤ የታዘዘውን ነው የሚያደርግ።

«ጋሼ፥ ሰባቱ ቮልት የት ሄደ?» አለን ልጁ።

በባትሪውና በመቆጣጠሪያው መካከል ከሽቦ በቀር ምንም የለም። ሽቦውም የሚያልፈው በቢስክሌቲቱ ወገብ፥ በመታጠፊያዋ ውስጥ ነው። እጃችንን ብንሰድድ ላስቲኩ ገና ትኩስ ነበር። ልጁ ላስቲኩን በምላጭ ሲገልጠው ከብዙዎቹ የመዳብ ክሮች ያልተበጠሱት ጥቂት ነበሩ፤ የቀሩት ጠቁረው ተቆራርጠዋል። ከሚኒባስ በወጣንና በገባን ቁጥር፥ ሰው ሁሉ እያየን በኩራት ስናጥፋትና ስንዘረጋት፥ ያው አንድ ቦታ ሲታጠፍ ከርሞ ነው። በሜዳ የምትጠይቀው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ የቀሩት ክሮች ይበቋታል፤ በዳገት አሥር አምፔር ስትጠይቅ ግን ያልፋቸው ዘንድ አይቻለውም። ሰባት ቮልት በአሥር አምፔር ሰባ ዋት ነው፤ ያ ሁሉ ኀይል በአንዲት የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ሙቀት ሆኖ ይቀር ነበር። የሽቦው እንቅፋትነት 0.7 ኦም መሆኑ ነው። ይህንኑ ጥያቄ፥ ቁጥሩን ብቻ እየለዋወጥን፥ በስንት ፈተና ላይ አውጥተናል! ለዚህም ልጅ አውጥተንለት «አልቻለም» ብለን ነበር።

ጠጋ ብለን የት እንደ ተማረው ጠየቅነው። ከተበላሹ ስልኮች ነው አለ፤ ኔትወርክ ሲኖር ደግሞ ከቪዲዮ። ከዚያም፥ እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንዲያው ሲያወራ፦ «ላቦራቶሪው ቁምሣጥን ውስጥ እንዲህ ያሉ መለኪያዎች አሉ ይባላል» አለ። አሉ። ስድስት ናቸው፤ አራቱ ከነላስቲካቸው ናቸው። እንዳይሰበሩ ቆልፈንባቸው ቁልፉ በኪሳችን ነበር፤ ለባትሪ ከያዝነው ገንዘብ ጋር በአንድ ኪስ።

ጥገናው ከአንድ ሰዓት በላይ አልፈጀም። የተበላሸውን ቆርጦ ጥሎ፥ ወፈር ያለና ክሩ የረቀቀ ለስላሳ ሽቦ በእርሳስ በየደበት፤ በመታጠፊያው ዘንድ እንደ ቀለበት ትርፍ ትቶ አዞረው፤ ሲታጠፍ እንዳይወጠር ነው አለን። የፋብሪካው ሠራተኛ ያላሰበውን እርሱ አሰበው፤ ወይም ፋብሪካው አስቦ ሽቦው እንዳይጨምርበት ትቶት ይሆናል፤ ርካሽ ዕቃ የሚረክሰው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። የጠየቀን ዋጋ ለአንድ ሰው ምሳ አይበቃም። ለመጨመር ብንል እሺ አላለም።

ስንሄድ ቻርጀሩን እንድናሳየው ጠየቀን። አሮጌው መሞቅ ስላበዛ ጎንደር ላይ በርካሽ ዋጋ ሌላ ገዝተን፥ ገና ከካርቶኑ ሳናወጣው በቦርሳችን ይዘነው ነበር። የሶኬቱ ጫፍ ከአሮጌው ጋር አንድ ነው፤ ልክ ይገባል፤ እኛ ያየነው ይህንኑ ብቻ ነው። ልጁ ጀርባውን አዞረና ጽሑፉን አነበበልን፤ የሚሰጠው 54.6 ቮልት ይላል። የ48 ቮልት ባትሪ ቻርጀር ነው። የእኛ ባትሪ 42 ላይ መቆም አለበት። «ባትሪው ውስጥ የሚከላከል ካርድ አለ፤ ምናልባት ይቆርጠዋል» አለን፤ «ካልቆረጠ ግን . . .» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ የት እያስቀመጥን እንደምንሞላው ጠየቀን። አልጋ ሥር ነበር፤ ያውም ሌሊት፤ ያውም ልጆች በሚተኙበት ክፍል። የተጋለጠ ሽቦ እንኳ ውኃ ቢነካው ብልጭ ብሎ ሊጠፋ ይችላል፤ ሊትየም ባትሪ ከመጠን በላይ ተሞልቶ እሳት ከያዘው ግን በውስጡ ያለው ነገር እሳቱን ራሱ ስለሚመግበው በቀላሉ አይጠፋም። ቻርጀሩን ለመመለስ ጎንደር ድረስ ሄድን፤ ሻጩ አልቀበልም አለን፤ ዛሬ በክፍል ውስጥ ጀርባውን ለማስነበብ ያገለግለናል። ባትሪውም አሁን የሚሞላው ቀን ቀን፥ በሰቀላው በረንዳ፥ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው፤ በመጀመሪያ ከብርዱ ገብቶ ትንሽ ለዘብ ካለ በኋላ።

በዚያ ሳምንት ቁምሣጥኑን ከፈትን። ከስድስቱ መለኪያዎች ሁለቱ ባትሪያቸው ፈሶ ተበላሽተዋል፤ የቀሩት ይሠራሉ። ቢስክሌቲቱን ወደ ክፍል አስገብተን ልጁ እንዲያስረዳ ብንጋብዘው እየተርበተበተ ጀመረ፤ ዳገቱ ላይ ቁጥሩ እንዴት እንደ ወረደ ሲደርስ ግን ድምፁ ተስተካከለ። አንዲት ተማሪ «ታዲያ ይህ ያ የኦም ሕግ ነው?» ብላ በጥርጣሬ ስትጠይቅ ከኋላ ሳቅ ሆነ፤ እኛም ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ከእነርሱ ሳቅ ጋር አንድ ዐይነት አልነበረም።

ገንዘቡ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። ከጥምቀት በኋላ እናታችንን ጎንደር ወስደን በመጀመሪያ የቀኝ ዐይኗን ተሠራች። ፋሻው በተነሣ ጊዜ ብዙ አልተናገረችም፤ የሐኪሙን እጅ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ የእኛን ፊት አየችና «ሸበትክሳ!» አለች። በሚኒባስ ወቅን ደረስን፤ ከዚያ ወደ መንደሩ የሚያደርሳት በቅሎ እስኪመጣ ድረስ ከመንገዱ ዳር ተቀምጣ ሳለች ቢስክሌቲቱን ከሚኒባሱ ጀርባ አውርደን ዘረጋናት። የመታጠፊያዋን ቀጭታ ሰምታ ዞር አለች፤ ነጠላዋን ከግንባሯ ገለጥ አድርጋ ከጎማ እስከ መሪዋ አየቻት።

«ንቧ ይቺ ናት?» አለች። «ይቺን ታህላለች? እኔስ ከድምፅዋ የበቅሎ ግልገል ታህላለች ብዬ ነበር።»